ሥጋ የማይበላ ሰው በሬ ሲደርሰው

ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ የተዘጋጀውን የቶምቦላ ትኬት የገዛሁት ለንባብ ካለኝ ፍቅር አይደለም። የምትሸጠው መምህርት ወልቂጤ መናኸሪያ በር ላይ መንገዴን ዘግታ ስለቆመች ነው። ሽልማቱ ምን እንደሆነ እንኳ አላነበብኩም። መስቀል አሥር ቀን ሲቀረው ስልኬ ጮኸና "እንኳን ደስ አለዎት፤ በሬው ደርሶዎታል" ተባልኩ። ለመጽሐፍ ብሎ በሬ የሚያወጣ አገር ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ሪህ አለብኝ። ሐኪም ቀይ ሥጋ ከከለከለኝ አራት ዓመት ሆነ። እውነቱን ለመናገር ክልከላውን ወድጄው ነበር፤ ጉራጌ ሆኖ "ክትፎ አልበላም" ማለት ከየትኛውም ፍልስፍና በላይ ሰው ያናድዳል። በየድግሱ እየተገኘሁ ለመስቀል የሚታረደውን ከብት ሳወግዝ ኖሬአለሁ። አሁን ሰባኪው ራሱ በሬ እየጎተተ በከተማው መሃል አለፈ።

"ጋሼ፣ ንስሐ ገቡ እንዴ?" አለኝ አንዱ የባጃጅ ሾፌር።

የተከራየሁበት ግቢ ለበሬ አይበቃም። የአከራዬን የጎመን መደብ በአንድ ጠዋት አጠናቀቀው። ለነጋዴ ሸጬው የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራበት ወሰንኩ። ስህተቴ ይህንኑ አረቅጥ አጠገብ ባለው መንደራችን ለቀረችው ታላቅ እህቴ በስልክ መናገሬ ነው። በማግስቱ ከች አለች። በሬውን ዞራ ዞራ አየችውና ወደ እኔ መጣች።

"ልትሸጠው ነው?"

"እኔ እኮ አልበላም፣ እትዬ።"

"ማን ብላ አለህ? እረድ ነው የምልህ።"

"የመንደሩን ሆድ መሙላት የእኔ ሥራ ነው?"

"ያንተ ሥራማ ማውራት ነው።" ወደ በሬው ዞረች። "አባታችን ከሞተ ወዲህ ደጃችን በሬ ታርዶ አያውቅም። በየመስቀሉ ጎረቤታችን ትልክልኛለች። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሳህኗን አጥቤ እመልሳለሁ። ባዶውን።"

የመደርደሪያውን ሐሳብ ትቼ ጭነት መኪና ልፈልግ ወጣሁ።

በሬው በጭነት መኪና ወደ ደጋው ወጣ፤ እኔም ገመዱን ይዤ አብሬው። በእርዱ ቀን ሽማግሌዎች መረቁ፣ አራጁ አረደ። እኔ ጥግ ይዤ ለተሰበሰበው ሁሉ ስለ ደም ሥር መደፈን ማብራሪያ ሰጠሁ። አንዱ ሽማግሌ "ይህ ልጅ አሁንም አልተሻለውም" ብለው ቢላቸውን መሳል ቀጠሉ።

እህቴ ሥጋውን ስትመድብ አጠገቧ ነበርኩ። ከቤቱ ትልቁን ሳህን አውጥታ ሻኛውን ሙሉውን ጫነችበት።

"ለማን ነው?"

"ለጎረቤታችን።"

"ሻኛውን? ሽማግሌዎቹ እኮ እሱን ነው የሚጠብቁት።"

"ይጠብቁ። መጠበቅ አይገድልም፤ እኔን መቼ ገደለኝ?"

ነጠላዋን አስተካክላ ሳህኑን አነሳች። የጎረቤታችን ቤት ከጓሯችን አጥር ቀጥሎ ነው።

"በጓሮ ዙሪ እንጂ፣ ይቀርብሻል" አልኳት።

እንዳልሰማ አለፈችኝ። በፊት ለፊቱ በር ወጥታ፣ መንደሩ ሁሉ በሚተያይበት በሰፊው የጀፎሮ ጎዳና መሃል፣ ሳህኑን ከፍ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ሄደች።