ድሪያ ደራርቤ ከቶጎጫሌ ስመለስ

ጅግጅጋ፣ ጎህ ሲቀድ

ኤዶ ሆዳን በር የምታንኳኳው በቁልፍ ነው። የብረት በሬን በብረት ስትቀጠቅጠው ሰፈሩ ሁሉ ይነሣል።

«ትዕግሥት! ሠዓሊዋ! መኪናው ሞልቷል፣ ውጪ!»

መኪናው አልሞላም። ሄደን ስናይ ሹፌሩ አብዲ ብቻውን መስታወት ይወለውላል። ኤዶ ሆዳን ጎረቤቴ ናት፣ ድሪያ የሚባለውን የሶማሌ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ ትነግዳለች። እዚህ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ኤዶ ይላታል፣ አክስት እንደማለት።

የምሄደው ሥዕል ፍለጋ ነው። አዲስ አበባ የሥዕል ጋለሪ ያላት ጓደኛዬ ሰብለ ለመጪው ኤግዚቢሽን አንድ ግድግዳ ይዛልኛለች። ትናንት ደወለችና «አንድ ግመል ብትጨምሪ ግድግዳውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እውነት ለመናገር ልክ ናት። ግመል ጀንበር ስትጠልቅ፣ ግመል በዝናብ፣ ግመል ከኋላው ሲታይ… እስካሁን የሣልኳቸው ቢሰበሰቡ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ያኖራሉ። ያለ ግመል ምን እንደምሥል ግን ጠፍቶብኛል፤ ይሄ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው።

ለኤዶ ሆዳን ስነግራት፣ «ቶጎጫሌ ነያ! እዚያ ድንበር ገበያ የሌለ ነገር የለም» አለች። የሥዕል ሐሳብም ከቴርሞሱ ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ መስሏታል።

መንገድ ላይ

ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ አልፎ አልፎ አንድ ግራር ብቻዋን ቆማለች። አስፋልቱ ላይ ከፊታችን የሲሚንቶ ከባድ መኪና ይጎተታል። እሱን ቀድመን «ተገላገልን» ስንል አብዲ ፍሬን ያዘ። ግመሎች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል።

«ሠዓሊዋ፣ ሥራሽ መጣልሽ» አለ አብዲ። ወሬው እሱም ጋ ደርሷል ማለት ነው።

አንዱ ግመል አንገቱን ወደ መስኮቴ አስግጎ ትክ ብሎ አየኝ። አምናለሁ፣ ቆንጆ ነበር። ፊቴን ወደ ኤዶ ሆዳን አዞርኩ። ለሻይ ወረድን፤ ሻዩም በግመል ወተት ነው። ማምለጫ የለኝም።

ቶጎጫሌ፣ ቀትር

አቧራ፣ የአህያ ጋሪ፣ የጎማ ቁልል፣ ሬዲዮ፣ ብስኩት፣ የሕፃን ጋሪ፣ ፍራሽ። ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን አይለቁም። የጫኑት መኪኖች ድንበሩ ላይ ተሰልፈው ሹፌሮቹ ከሥራቸው ተኝተዋል። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን፣ ሙዙም እንደ አገሩ ልማድ ሩዙ ላይ ተደርቦ መጣ። ከምሳ በኋላ አንዲት ቲማቲም ሻጭ መሣል ጀመርኩ። ገና አፍንጫዋ ላይ ሳልደርስ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለችው።

«እኔንም ቢሆን ፊቴን እንዳትሥዪ» አለች ኤዶ ሆዳን። «ፊት ከሣልሽ በፍርድ ቀን ነፍስ አምጪለት ይሉሻል። ከየት ታመጫለሽ?»

ከየትም። ደብተሬን ዘጋሁ። ግድግዳዬ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ።

መመለሻችን ደረሰ። የዚህ መንገድ ሴቶች ሲሄዱ ቀጭን፣ ሲመለሱ ወፍራም ናቸው። የገዙትን ልብስ ደራርበው ነው የሚገቡት፤ የለበሱት የግል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ያለው ግን ኬላ ላይ የሚቀረጥ ዕቃ ነው። ባዶዋን የምትመለስ ተሳፋሪ ደግሞ ለጓደኛዋ ትለብሳለች። እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ኤዶ ሆዳን ወደ አንድ ሱቅ ጓዳ አስገባችኝና አምስት ድሪያ አሸከመችኝ።

«ረጅሙን ከላይ» አለች፣ የራሷን ለመደራረብ ወደ ሌላው ጥግ እየሄደች። «ሰማሽ? ረጅሙን ከላይ። ቢጫውን አደራ፣ የሙሽራ ነው።»

ሰምቻለሁ። ግን ልብሶቹን ስዘረጋቸው ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ። ረጅሙን ከሥር፣ አጭሩን ከላይ ሳደርገው የእያንዳንዱ ጠርዝ ከሌላው ሥር ብቅ አለ። እግሬ ሥር ቀስተ ደመና ወጣ። ደስ አለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ኬላው፣ ከሰዓት በኋላ

«ሁሉም ይውረድ!»

ወንዶች በዚያ፣ ሴቶች በዚህ ተሰለፍን። ፈታሿ ወጣት ሴት ናት። ኤዶ ሆዳን እስከ መሬት በሚደርሰው ጥቁር አባያዋ ውስጥ በርሜል አክላለች፤ ግን ከሥር ምንም አይታይም። ፈታሿ አይታት አለፈች። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደና እዚያው ቀረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀሚስ።»

«ስንቱ?»

«ብርድ አልችልም» አልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ላቤ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል።

ጎንበስ ብላ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጠርዞቹን አንድ በአንድ ገለጠች። «ማነው እንዲህ አሳምሮ ያሰለፈልሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ይቅር ይበለኝ፣ በኩራት ነው ያልኩት።

ሳቀች። «ያምራል» አለች ከልቧ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ለብርድ ግን አራቱ ይበቃሻል። የላዩን አውልቂ።»

የላዩ ቢጫው ነው።

ኤዶ ሆዳን መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፦ «ረጅሙን ከላይ አላልኩሽም?» ወሬኛ ሴት ዝም ስትል መንገዱ አያልቅም። ግመሎቹ እንደገና ሲያቆሙን እንኳ አብዲ አልቀለደም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጅግጅጋ፣ ሳይመሽ

ግቢዋ ውስጥ አራቱን ድሪያዎች አወለቅኩና ገመዱ ላይ በዚያው ተራቸው ሰቀልኳቸው። መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ቀረ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ኤዶ ሆዳን እጇን አወናጨፈች። «ተይው። ነገ ሌላ ቢጫ አመጣለሁ። አንቺም ትመጫለሽ፣ የማለብስሽ ግን እኔ ነኝ!»

ቀለሜን ከቤት አምጥቼ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። ሰልፍ የቆሙ ሴቶች፣ ከጉልበት በታች ብቻ። አቧራ፣ ጫማ፣ ጠርዝ በጠርዝ ላይ። እጄ እንዲህ ከሮጠ ቆይቷል። ኤዶ ሆዳን ሻይዋን ይዛ ከትከሻዬ በላይ አየች።

«ፊት የለውም?»

«የለውም።»

ጠርዞቹን በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። «ቢጫው የታለ?»

«ኬላ ቀረ እኮ፣ ኤዶ።»

«ታዲያ ሣዪዋ!» አለች ተቆጥታ። «እዚህ ማን ይፈትሽሻል?»

ቢጫውን ከሁሉም አስረዝሜ፣ እንዳለችኝም ከላይ ሣልኩት።