ሰባት ቤት ሳይቆጠር የቀረበ ገበታ

ያን ቀን ጠዋት ከሕንጻው ጀርባ ያለችኝን የቃሪያ መደብ ሳርም ነበር። እህትህ ከአባትህ ጋር በመኪና መጣችና እኔን አያቷን «ሳብታ፣ ይነሱ፣ ይልበሱ፤ የሚያገባኝ ልጅ ቤተሰቦች ምሳ ጋብዘውናል» አለችኝ። የት ብላት «ሚስዓዳ» አለችኝ። እንዴ፣ ልጅ የሚጠየቅ ቤት ድረስ ተመጥቶ ነው እንጂ ምግብ ቤት ተጠርቶ ነው ወይ? አንተ የለህም፣ ጻቫ፣ ውትድርናህ ላይ ነበርህ፤ እንግዲህ እንደነገርሁህ አድርገህ ጻፈው፣ እንዳታለሳልሰው።

ሄድን። የዚያ ቤት ጭስ ገና ከመንገዱ ይቀበልሃል። ግድግዳው ሥር የብርቱካን ፍልጥ ከምረዋል፣ ምድጃው አፉን ከፍቶ ይነዳል፣ ወጣቱ ሁሉ ቢራውን ይዞ እሳት ያያል። እኔ ጭስ ዓይኔን ያጠፋኝ ሴት ምኑ ይደንቀኛል።

የልጁ አባትና እናት ከቂርያት ዔቅሮን ከተማ ናቸው፤ የኛው ሰዎች፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ። እናትየዋ አማርኛ እያወቀች ከኔ ጋር ዕብራይስጥ ብቻ ነው የምታወራ። ቂጣው መጣ፣ የበግ ሥጋው መጣ፣ አበባ ጎመን ሙሉውን አክስለው አመጡ። ሁሉም መሐል ላይ። የኔ የምትለው ሳህን የለም። «እዚህ ቤት ተካፍሎ ነው የሚበላ» አለ አሳላፊው።

እጄን አልዘረጋሁም። በኛ ወግ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና እንደሌለ ታይቶ ነው ልጅ የሚሰጥ። እኔ ባደግሁበት ቤት ደግሞ ከጠያቂው ጋር ካንድ ገበታ የበላ ሰው እሺ ብሏል ማለት ነው።

«ብሉ እንጂ እማማ» አለኝ አባትየው።

«መጀመሪያ ቁጠርልኝ» አልሁት። «አባትህን፣ አያትህን፣ እያልህ እስከ ሰባት።»

አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቅድመ አያቱን ተንተባትቦ ጠራና ቆመ። ሥጋውን ያላምጣል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አዳም ነዋ» አለ። ሚስቱ ሳቀች።

«አዳም የየት አገር ሰው ነው? የወገራ ነው የደምቢያ?» አልሁት።

ያኔ ሳቋ ቆመ። አማርኛውም መጣላት። «እማማ፣ ልጆቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ይበቃል። እርስዎ ሬሳ ይቆጥራሉ።»

«የኔ ሬሳዎች ስም አላቸው» አልኋት። «የናንተ ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛውም በግድ ነው የወጣ።»

አባትህ በእግሩ እግሬን ነካ ያደርገኛል። የልጁ ነገርማ ምን ብዬ ልንገርህ፣ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። እህትህን ታውቃታለህ፣ ስትናደድ አትጮህም። ቂጣውን ቆረሰች፣ ሥጋውን ጠቀለለችበት፣ እኔን እያየች ጎረሰች። አላምጣ ዋጠች።

«እኔ በልቻለሁ፣ ሳብታ» አለችኝ። «ቤሰደር? ይሁን?»

ወጉን ታውቀዋለች። ገና ትንሽ ሳለች እኔው ነኝ የነገርኋት። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ከአፏ ላስተፋት? ተነስቼ ወጣሁ። እናትየዋ ከኋላዬ በዕብራይስጥ አንድ ነገር አለች፤ አልዞርሁላትም። አባትህ ክፋር ግቢሮል ቤቴ ድረስ መለሰኝ።

ከፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ደጃፏን እየጠረገች ነበር። የሆነውን አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። መጥረጊያዋን ሳታቆም ሰማችኝና፣ «ልጅቱስ በልታለች» አለችኝ። «አንቺ ሳይቆጠር አልበላም ካልሽ ለሠርጉ ቀን ከቤትሽ ስንቅ ቋጥረሽ ሂጂ። እስከዚያ ሰውየው አራተኛውን አያስታውስም።»