ተጠባባቂዋ ቲቸር ፈቲያ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቢሮ ወረፋ ስጠብቅ ከራሴ በላይ ያለው የጣራ ቬንትሌተር ቀጭ ቀጭ እያለ መዞር ጀመረ። ያ ድምፅ ወስዶ ስምንተኛ ክፍል ዶለኝ። ላቡ፣ የጠመኔው ብናኝ፣ ከቀፊራ ገበያ በኩል በመስኮት የሚገባው የበርበሬ ሽታ፤ ከፊታችን ደግሞ የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን ቲቸር ፈቲያ፣ ትንሿን ሕገ መንግሥት እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘች። «አንቺ» ነበር የምንላት። ድሬ ውስጥ «አንቱ» እንደ ካፖርት ነው፤ በዚያ ሙቀት የሚለብሰው የለም።

ሕገ መንግሥት እንዴት እንደሚሻሻል ከማስተማሯ በፊት የክፍላችንን ሕግ አስጻፈችን። ቬንትሌተሩ ሥር ያለው ረድፍ በየሳምንቱ ተራ ይቀያየራል፤ ይህን ለመለወጥ የክፍሉ ሁለት ሦስተኛ እጁን ማውጣት አለበት። ፈርመን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ረመዳን ሲገባ ቦታውን ለጾመኞቹ ለቀቅንላቸው። ረመዳን አለፈ፤ የተቀመጠ ግን እንደተቀመጠ ቀረ፤ ተራ የጠየቀም አልነበረም። አንድ ቀን ወረቀቱን እያሳየች «እጃችሁን ያወጣችሁት መቼ ነው?» አለችን። «ኧረ አላወጣንም» አልን። «አያችሁ? በወጉ ለመለወጥ ምክር ቤት፣ ክልል፣ ድምፅ፣ ስንት ጣጣ አለው። በልማድ ሲለወጥ ግን ማንም አይሰማም።»

ቀጥላ ሕገ መንግሥቱን ሰጠችንና «ድሬዳዋን ፈልጉልኝ» አለች። አዲስ አበባን አገኘን፤ ድሬን አጣን። ከተማችን የምትተዳደረው በኋላ በወጣ ቻርተር እንደሆነ፣ ብዙ ነገር ደግሞ በየትም ባልተጻፈ መግባባት እንደሚሄድ ነገረችን። እኛ ሳቅን፤ እሷም አብራን ሳቀች።

ያ ያልተጻፈው ነገር እሷኑ አንቆ እንደያዛት የገባኝ ቆይቶ ነው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጡረታ ሲወጣ በተጠባባቂነት ተተካች፤ ሹመቱ እንደሚጸናላት ማንም አልተጠራጠረም። ነገር ግን በከተማችን ሹመት ባልተጻፈ ስምምነት ለኦሮሞና ለሶማሌ በድርሻ ስለሚከፋፈል፣ ወንበሩ ከአንዱ ወገን ድርሻ መቆጠር ነበረበት። አባቷ ሶማሌ ናቸው፤ እናቷ የጀልዴሳ ኦሮሞ። በሠርግ ቤት ሁለቱም ወገን «ልጃችን» ይላታል። ለወንበሩ ሲሆን የሶማሌው ወገን «ያደገችው በእናቷ ዘመዶች መሀል ነው፣ ከእነሱ ትቆጠር» አለ፤ የኦሮሞው ወገን «ዘር በአባት ነው፣ ወደዚያ ትሂድ» አለ። ከሁለት ያጣች ሆነች።

ጎረቤታሞች ስለነበርን አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ እናቴ ዘንድ መጥታ በረንዳችን ላይ ተቀመጠች።

«አንዱን ወገን ይዘሽ ሌላውን ተዪው፣ ነገ ይጸድቅልሻል አሉኝ» አለች። «እናቴን ልካድ ወይስ አባቴን?»

«አቦ፣ ክሰሻቸው!» አለች እናቴ።

«በየትኛው አንቀጽ? ወላሂ፣ ቢጻፍ እኮ እከራከረው ነበር።»

ቲቸር ፈቲያ ትታው እንዳትሄድ ሁለቱም ወላጆቿ አርጅተው እሷው እጅ ላይ ናቸው፤ ሌላ ከተማ ማን ያውቃታል? እንዳትቆይ ደግሞ ያስተማረቻቸው ልጆች ሳይቀሩ ትምህርት ቢሮ ውስጥ በላይዋ ላይ ተሾሙ። ቢሮዋ በር ላይ «ተጠባባቂ» የሚለው ወረቀት ፀሐይ እያነጣው በየጊዜው ይቀየራል፤ ቃሉ ግን ያው ነው። በዚያው ስም ጡረታ ወጣች። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ነገር ለምዳ ነበር። ጠዋት በሰልፍ ላይ የዕለቱን ማስታወቂያ በአማርኛ ከተናገረች በኋላ በእናቷ ኦሮምኛ፣ ከዚያም በአባቷ ሶማሊኛ ትደግመዋለች። ያዘዛት የለም፤ የከለከላትም የለም። ከእሷ በኋላ የተሾመው ርዕሰ መምህር ይህ ጊዜ ይፈጃል ብሎ ሊያስቀረው ፈለገ። የእህቴ ልጅ እዚያ ስለሚማር የወላጆች ስብሰባው ላይ ነበርኩ። አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ዋሪያ፣ አንተ ሰው! ይኼ እኮ የትምህርት ቤቱ ሕግ ነው፣ ማን ይነካዋል?» አሉት። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰውየው የሚሽረው መመሪያ ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘም፤ ድሮም አልተጻፈምና።

ዛሬም በየጠዋቱ በሦስቱም ይነገራል። ቲቸር ፈቲያ ግን ይህን ሳታይ ነው የሞተችው። ልማዷ በመዝለቁ ደስ ይለኛል፤ ቢሆንም በሕይወት እያለች ወንበሩን ቢሰጧት ይሻለኝ ነበር።