በመልክዕ የተለካ ሩጫ

ዓምደ ሚካኤል ሰዓት አልነበረውም። የነበረው ጸሎት ነው። የዘጌ መሪጌታ ልጅ አይደል? መልክዑን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። መልክዕ እንግዲህ ከራስ ጠጉር ጀምረው እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን አካል «ሰላም» እያሉ የሚወርዱበት ጸሎት ነው፤ ሳይቸኩሉ ቢደግሙት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ግድም ይፈጃል። በየማለዳው ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ በጎንደር መንገድ እስከ ሦስተኛው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ሲሮጥ ፍጥነቱን የሚለካው በዚያ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ጸሎቱ እግር ላይ ነበር። በወሩ ጉልበት ላይ ሆነ። በሁለተኛው ወር ወገብ ላይ ሲደርስ ደስታውን የሚነግረው ሰው ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ፤ መንገዱ ላይ ከአህያና ከጭነቱ በቀር ማንም የለም።

ሩጫው ለጤናው አልነበረም። ዘመኑ ሰባ ስድስት ነው፤ ቀበሌው ስሙን ለብሔራዊ ውትድርና ይዞታል። ሦስት ኪሎ ሜትሩን በዐሥራ ሦስት ደቂቃ የጨረሰ ለሬዲዮ ሙያ ሥልጠና ይላካል፤ ያልጨረሰ ጠመንጃ ተሸክሞ ወደ ሰሜን ግንባር።

አባቱ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን፣ ልጃቸው ከቅኔ ቤት ወጥቶ የፋብሪካ መጋዘን ሠራተኛ ከሆነ ጀምሮ አኩርፈውታል። ስለ ውትድርናው ሲሰሙም «የወታደር ልብስ የለበሰ ቀን ወሬውን እንዳታመጡብኝ» ብለው ላኩበት። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ «ደብተራው» እያለ ይቀልድበታል እንጂ ምሳ አብሮት አይቀርብም።

አንድ ማለዳ፣ ጎረቤቱ አስናቀ ከሌሊት ፈረቃ በብስክሌት ሲመለስ ድንጋዩ ጋ አገኘው። አስናቀ ከአሰላ የመጣ የሽመና ማሽን መካኒክ ነው።

«አንተ ደብተራ! ማን አባሮህ ነው?»

«ፈተና አለብኝ፣ ጋሼ አስናቀ። በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ገብቻለሁ።»

«በየትኛው ሰዓት?»

በመልክዑ እንደሚለካ ነገረው። አስናቀ ከብስክሌቱ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀና «ነገ ሰዓቱን እኔ ልያዝልህ» አለ።

በማግሥቱ የእጅ ሰዓቱን አይቶ አልሳቀም። «ዐሥራ አራት ከሃያ።»

«አይሆንም! ወገብ ላይ ደረስሁ እኮ!»

«ወንድሜ፣ ስታለከልክ ቃሉም አብሮህ ይጎተታል። አንተ አልፈጠንክም፤ ጸሎቱ ነው የዘገየው።»

ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አስናቀ ሰዓቱን ፈትቶ እጁ ላይ አሰረለት። «ቃሉን ተወውና እግርህን ስማ።»

ብቸኝነቱ ያኔ ገባው። ለካ እስከዚያች ቀን ከጎኑ አንድ ሰው የሚሮጥ ያህል ነበር፤ ቃሉ ሲቆም የራሱ ትንፋሽና የጫማው ኮቴ ብቻ ቀሩ። ሰዓቱ ግን አይዋሽም። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር እንደ እብድ እየጋለበ ጉልበቱን እንደሚጨርስ አሳየው። አነሣሡን ሲያረጋጋ ዐሥራ ሦስት ከሃምሳ፣ ከዚያ ዐሥራ ሦስት ከሃያ ሆነ። አስናቀ በዚያ ሲያልፍ «ስንት?» ይለዋል፤ ይነግረዋል፤ «ጎሽ!» ብሎ ለመተኛት ይሄዳል። በቀን የሚያወራት ይህችኑ ነበር።

በፈተናው ቀን የመጨረሻዋን መታጠፊያ ዓይኑ እየጨለመበት ዞረ። «ዐሥራ ሁለት ከሃምሳ ስድስት!» ብለው ሰዓት ያዦቹ ጮኹ። አልፏል። ሌሎቹ እየተቃቀፉ ሲዘሉ እሱ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ ቆየና ወደ መዝጋቢው ጠረጴዛ ሄደ።

«ተጠሪ?» አለ መዝጋቢው ወታደር ቀና ሳይል። «አንድ ነገር ብትሆን ለማን ይነገር?»

አባቱን አሰበ፤ የላኩበትንም ቃል አሰበ።

«አስናቀ» አለ።

«አስናቀ ማን?»

ዓምደ ሚካኤል የአስናቀን የአባት ስም አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት አያውቅም።

«ዘመድህ ነው?»

«ጎረቤቴ ነው።»

መዝጋቢው ብዙ አልጠበቀም፤ ክፍቱ ቦታ ላይ «የለም» ብሎ ጽፎ ገጹን ገለበጠ። «ቀጥል!»

ዓምደ ሚካኤል «አለ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ከኋላው የነበረው ተፈታኝ ግን ጠረጴዛው ጋ ደርሶ የእናት የአባቱን ስም መዘርዘር ጀምሯል።