እጁን መሰብሰብ ያቃተው ሥራ አስኪያጅ

የሊሳንድሮ ፒሜንቴል ጉልበት አልታጠፍ ብሎ ቤዝቦል መጫወት ሲያቆም፣ ሲጫወትለት የኖረው ቡድን፣ ካኛሮሶች፣ ሥራ አስኪያጅነቱን ሰጠው። ከሳንቶ ዶሚንጎ በስተምሥራቅ ባለው የሸንኮራ አገር ከዚህ በላይ ሹመት የለም። ሸሚዝ አስተኩሶ፣ ሽቶ ነስንሶ ቢሮ ገባ።

"አቤት፣ ሚኒስትር መምሰልህ!" አለችው ባለቤቱ ኑሪስ በሳቅ እየፈረሰች።

ተጫዋች መግዛቱም መሸጡም ተዋጣለት። ያቃተው ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተቀባይ ነበራ! ዱላ ከያዘው መቺ ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልብ፣ ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር በጭኖቹ መሃል በጣቱ የሚያዝ፤ አንድ ጣት ቀጥታ ኳስ፣ ሁለት ጣት ጠምዛዛ። አሁንም ከተቀባዩ ጀርባ፣ ተመልካቹን ከሚከልለው መረብ ወዲህ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ ሳያስፈቅዱት ሥራ ይጀምራሉ። ጉዱ ደግሞ፣ ወርዋሪው ዊልኪን ለዓመታት ለእሱ ሲወረውር የኖረ ነው። አዲሱን ተቀባይ ትቶ ወንበር ላይ ያለውን ያይ ጀመር። ምስኪኑ ተቀባይ ቀጥታ ሲጠብቅ ጠምዛዛ እየመጣበት ደረቱ በልዞ አለቀ።

በዋንጫው ጨዋታ ቀን አሰልጣኙ ቼኦ በሩን በርግዶ ቢሮ ገባ። ሁለቱ አበልጆች ናቸው።

"አበልጄ፣ ዛሬ አንዲት ጣት ባይ፣ ማልያዬን ሜዳው መሃል አውልቄ ቤቴ እገባለሁ!"

"ሳላስበው እኮ ነው፣ ቼኦ።"

"እንግዲያው ተቀመጥበት!"

"ምኑ ላይ?"

"እጅህ ላይ ነዋ!"

ሊሳንድሮ አበልጁን ያውቀዋል። ቼኦ ካለ ያደርገዋል፤ ቼኦ ከሄደ ደግሞ ቡድን የሚባል ነገር የለም።

ኑሪስ መላ አላጣችም። ጨዋታው ሲጀመር አጠገቡ ተቀምጣ፣ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ጥብስ ሙዝ በሳህን አሸከመችው፤ ሲጨርስ ሌላ ትጨምርለታለች። ሰውየው በላብ ተጠምቆ በላ።

መጨረሻ ላይ የተጋጣሚው አንድ መቺ ቀረ፤ እሱም ሁለቴ ስቷል። ሦስተኛዋንም ካልመታ ዋንጫው የካኛሮሶች ነው፤ ከመታ አለቀላቸው። ዊልኪን ለተቀባዩ ምልክት ራሱን ነቀነቀ፤ አልፈልግም ማለቱ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ሊሳንድሮን አየ። ይሄ መቺ ጠምዛዛ መምታት እንደማይችል ሊሳንድሮ ያውቃል። ጣቶቹ በሉት። ቼኦ ደግሞ ከታች የማልያውን ቁልፍ ይዞ ያፈጥበታል።

ሊሳንድሮ ሳህኑን ኑሪስ ጭን ላይ ጣለና ተነሥቶ ለሜዳው ጀርባውን ሰጠ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? እያመለጠህ እኮ ነው!"

"ተይኝ በናትሽ!"

ዊልኪን ጀርባውን ሲያይ ቸገረው። ወደ ተቀባዩ ተመለሰ። ሊሳንድሮ የሰማው ኳሷ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ጧ ስትል ነው። ከዚያ መለከቱ፣ ከበሮው፣ ጩኸቱ!

"ምን ወረወረ?"

"ቀጥታ!" አለች ኑሪስ እየዘለለች። "መቺው ጠምዛዛ ሲጠብቅ ደርቆ ቀረ!"

"ቀጥታ? ያብዳል እንዴ! እኔ ብሆን ብሞት አላዘውም ነበር!"

ከዚያ የተናገረው ለራሱ ገባው፤ መቺው የጠበቀውን ጠምዛዛ ሊያዝ ነበር! ሳቁ ከእንባው ተቀላቀለ። ያንን ሁሉ ዘመን ከማንም ቀድሞ ኳስ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ዋንጫ ያመጣችውን ኳስ ሳያያት ቀረ። ኑሪስን ክንዷን ይዞ አስቀመጣት።

"እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ እንዴት ነበረች?"