በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራው ኮምፒውተር

ትክል ድንጋይ ከተማ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት፣ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሰው ኮምፒውተራቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልተውት ነበር። ቀልዴን አይደለም። ከታች በቀኝ በኩል ሰዓትና ቀን የምታሳየዋን ቦታ በራሳቸው እጅ ከፍተው ዓመቱን የእኛን ዓመት፣ ወሩን የእኛን ወር፣ ሰዓቱንም የእኛን ሰዓት አድርገውታል። ጠዋት ሥራ ስንገባ የእኔ ኮምፒውተር ስምንት ተኩል ሲል የእሳቸው ሁለት ተኩል ይላል። በግንቦት የእኔው «ሜይ» ሲል የእሳቸው፣ ዘጠነኛ ወር ነውና፣ «ሴፕቴምበር» ብሎ ቁጭ ይላል። ዓመቱንማ ተዉት፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ!

ሰውዬው የሰው ሀብት ባለሙያ ናቸው። የሠራተኛው ሁሉ ማህደር በእሳቸው እጅ ነው። ጡረታቸው ስለተቃረበ፣ ፀጉራቸውም ስለነጣ፣ ከኃላፊው ጀምሮ እስከ ጥበቃው ድረስ አያ ነው የምንላቸው። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የሁሉንም ሰው ፋይል ሰብስቤ በየፎልደሩ አስቀምጣለሁ።

«አያ፣ ኧረ ይኼን ቀን ያስተካክሉት» እላቸዋለሁ።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ተሳስቷላ!»

«ዛሬ ወሩ ስንተኛ ነው?»

«ዘጠነኛ።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«ዘጠኝ ይላል።»

«ሸጋ ነዋ!» ይሉና ወደ ሥራቸው።

እኔ ደግሞ ቶሎ ነው የምቃጠለው። ለሳቸው ሸጋ የሆነው ለእኔ ራስ ምታት ነበር። ፋይሎቹን በቀን ቅደም ተከተል ስደረድራቸው አያ ዛሬ ጠዋት የጻፉት ደብዳቤ ከሁሉም በታች ወርዶ ይወሸቃል። ከእሳቸው ፍላሽ ላይ አንድ ነገር ኮፒ ሳደርግ ኮምፒውተሩ «ይኼኛው አሮጌ ነው፣ ያኛው አዲስ ነው፣ የትኛውን ላስቀር?» ብሎ ይጠይቀኛል። አሮጌ የሚለው የአያን ትኩስ ሥራ ነው። ስንቴ ለጥቂት አትርፌዋለሁ! እናም እጮኻለሁ፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ፣ የቢሮው ሰው ሥራውን አቁሞ ያየናል። አንዳንዱማ ሆን ብሎ «አያ፣ ዛሬ ስንት ነው?» እያለ ነገር ይጭራል።

ጉድ የሚፈላው በጥቅምት መጨረሻ ነበር። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ፌብሯሪ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ሃያ ስምንት ላይ ይደርስና ዘሎ ኅዳር አንድ ይገባል። አያ በማግስቱ ጠዋት ከፍተው ሲያዩት በቁጣ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ባለወልድን ዋጠችው!»

«ማን ናት ደግሞ?»

«ይቺ ማሽን ናታ! ሃያ ዘጠኝን ዋጠችው እኮ! ነገ ደግሞ ማርቆስን ልትውጥ ነው!»

ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ ለሳምንት በቃን። ጳጉሜን ሲመጣማ መፍትሔ አልነበረም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ብትላት አትሰማም። አያ ዓመት ዓመት ጳጉሜን ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ በእጃቸው ነበር የሚጽፉት። ለምን ስንላቸው «እሷም ትጹም» አሉን።

እንዲህ እየሳቅን እንዋል እንጂ እኔ በዚያን ጊዜ ሆዴ ሌላ ቦታ ነበር። ቤቴ ከጎንደር ወዲያ፣ ፀዳ ነው። ባሌ፣ አማቴና ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጄ እዚያ ናቸው። መጀመሪያ እየተመላለስኩ ለመሥራት ሞክሬ ነበር፤ ግን ከፀዳ ጎንደር መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ደግሞ መኪናው እስኪሞላ ተጠብቆ ትክል ድንጋይ፣ በየቀኑ ሁለት ተኩል ላይ ፊርማ አይደረስም። ስለዚህ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ዓርብ ማታ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ልጄን ተኝታ ትቻት እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ባሌ ደውሎ «ትናንት አተኩሷት ነበር፣ አሁን ደህና ናት» አለኝ። ደህና ናት ቢለኝም ስልኩን ይዤ ተንሰቀሰቅኩ። ልጄን የማሳድገው በስልክ ሆኖ ነበር።

ያን ዓመት በግንቦት፣ ለፀዳ ቅርብ በሆነው አዘዞ አንድ የጸሐፊ ቦታ ተለቀቀና የዝውውር ማስታወቂያ ወጣ። ለመወዳደር በኤክሴል የተዘጋጀ ቅጽ አለ። እኔ የራሴን ሞልቼ በፍላሽ ለአያ ሰጠኋቸው። እሳቸው ደግሞ የሥራ አፈጻጸም ውጤቴን ጨመሩበት፤ ሕፃን ልጅ እንዳለኝም ከማህደሬ አይተው አረጋገጡልኝ። እኔ የሞላሁት እዚያው ፍላሽ ላይ «የተሞላ» በሚል ፎልደር ቀረ። እሳቸው ያረጋገጡት በዚያው ስም «የተረጋገጠ» በሚል ፎልደር ገባ። ፍላሹም ዝውውሩን ለሚያየው ጎንደር ላለው ክፍል ተላከ።

«አንቺ ከሄድሽ ከማን ጋር ልጣላ ነው?» አሉኝ ፍላሹን ሲነቅሉ። እኔማ ፊቴ በደስታ በርቶ ነበር።

ውጤቱ ጎንደር ተለጠፈ ሲባል እዚያ የነበረ አንድ የቢሯችን ሰው በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ስሜ ከታች ነው። ከጎኑ «የአፈጻጸም ውጤት ስላልቀረበ ከውድድር ውጭ» ይላል። ቅሬታ የሚቀበሉት በማግስቱ እስከ ሥራ መውጫ ብቻ ነው። ካለፈ አለቀ፣ አዘዞ ሌላ ቦታ መቼ እንደሚገኝ እግዜር ነው የሚያውቀው።

አያ ፎቶውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው ቀድመውኝ ቆመዋል። መንገዱን በሙሉ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ነበር።

ጎንደር የተቀበለችን ባለሙያ የእኔ እኩያ ናት። ኮምፒውተሯን ከፈተችና ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። «ይኸው እዩት እህቴ፣ የአፈጻጸሙ ቦታ ባዶ ነው። የላካችሁት ይኼን ነው።»

«ሁለተኛው ፎልደርስ?» አሉ አያ።

«ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ያስገባኋቸው። ስሙ አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛው ይቅር ብሎ ጠየቀኝ፤ አዲሱን አስቀረሁት።»

ገባኝ። ወዲያው ነው የገባኝ። አያም ገብቷቸዋል፣ ምክንያቱም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ፍላሹ አለ?» አልኳት። ከመሳቢያዋ አወጣችው። «የተረጋገጠ» የሚለውን ከፈተች። እዚያው ነው! ውጤቴ፣ የልጄ ነገር፣ የአያ ማረጋገጫ፣ አንድም አልጎደለ። እልል ልል አፌን ስከፍት ሴትየዋ ፊቷ ተለወጠ።

«ቆይ ቆይ። ይኼ ፋይል መቼ ነው የተሠራው? ሴፕቴምበር ይላል። ዓመቱ ደግሞ… እህቴ፣ መቼ ነው የተቀጠርሽው?»

«አምስት ዓመቴ ነው።»

«ይኼ እኮ የስምንት ዓመት ፋይል ነው። ሳትቀጠሪ ነው እንዴ ዝውውር የጠየቅሽው? ደግሞ ሰዓቱ! ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ? ይኼን ለኮሚቴው ምን ብዬ ነው የማቀርበው? የተቀነባበረ ነው ቢሉኝስ?»

አያ ጎንበስ አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ» አሉ። «እሷ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩ። እሷን አትጉዱብኝ።»

አቤት ያኔ የተናደድኩት መናደድ! በአያ አይደለም። እኚህ ሰው በእኔ ፊት አንድም ቀን ተሸንፈው አያውቁም፣ አሁን አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ።

«የምን ጥፋት? ምንም ጥፋት የለም! እህቴ፣ ዛሬ ወሩ ስንተኛ ነው?»

«ግንቦት።»

«ስንተኛ ወር ነው አልኩሽ?»

በጣቷ ቆጠረች። «ዘጠነኛ።»

«ፋይሉ ምን ይላል? ሴፕቴምበር። ሴፕቴምበር ስንተኛ ነው? ዘጠነኛ። ዓመቱን አንብቢልኝ። እስቲ ከኋላሽ የተሰቀለውን ካላንደር ዞር ብለሽ እይው፣ ዓመቱ ስንት ይላል?»

ዞር ብላ አየች። ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ደግሞ ዞረች።

«ዛሬ ማኅተም የመታሽባቸው ደብዳቤዎች ላይ ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር ነው የጻፍሽው? በዚሁ ነው! የእሳቸው ኮምፒውተር ከአንቺም ከእኔም ትክክል ነው። ለዝውውሩ ማስታወቂያ የወጣውም፣ ቅሬታ የምትቀበሉትም በዚሁ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ያልሽው ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ ገና ሻይ እንኳን ሳንወጣ!»

እኔ ራሴ የምናገረውን እየሰማሁ አላመንኩም። ስንት ዓመት ስጮህበት የኖርኩትን ነገር እንደ ጠበቃ ቆሜ ስከራከርለት! አያ ቀና ብለው አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል።

ሴትየዋ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አላስቻላትም። በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከጎን ቢሮ ሰው ጠራች፣ «ኑ፣ የሀገራችንን ኮምፒውተር እዩ!» እያለች። አንዱ መጥቶ አየ፣ ሌላው መጣ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ የአያን እጅ ይዞ «አባባ፣ ጳጉሜንን እንዴት ያደርጉታል?» ብሎ ጠየቃቸው። አያም መልሰው ነፍስ ዘሩ። «ትጾማለቻ!» አሉት።

ያን ቀን ከመውጣታችን በፊት ሴትየዋ ሙሉውን ፋይል በባዶው ቦታ አስገባች። ለኮሚቴው የምታቀርበውን ማብራሪያም እዚያው ጻፈች። እኔ ልጽፍልሽ ብላት «አይ፣ አንቺ ከጻፍሽው ጠብ ይመስላል» አለችኝ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሰኞ ያን ሰዓት አስተካክይልኝ።»

«እኔ? አልነካም!»

«ምነው?»

«ትክክል ነው ብዬ ጎንደር ድረስ ሄጄ መስክሬ? ሰው ምን ይለኛል!»

ሳቅ አፈናቸው። ከአጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ጤንነታችንን ተጠራጥረው ዘንቢላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

ደብዳቤው የመጣው ክረምቱ ሳይገባ ነው። አንደኛ ወጥቻለሁ። ያነበቡልኝ አያ ናቸው፣ ቆመው፣ የቢሮው ሰው ሁሉ እየሰማ። «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረና ቀሪውን ለኃላፊው ሰጡት። የናፈቀኝን አግኝቼ ሳለ አንገታቸው ሥር ተሸጉጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ሂጂ ወደ ልጅሽ» አሉኝ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ፣ «ከእኔ ጋር የምትጣይው በስልክም ይሆናል።»

አዘዞ ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ነው። ከሥራ ወጥቼ በባጃጅ ፀዳ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ልጄ ግቢው ውስጥ ጭቃ እያቦካች ነበር። አየችኝና ደነገጠች።

«ዛሬ ዓርብ ነው?»

«አይደለም እናቴ። ማክሰኞ ነው።»

«ነገስ ትመጫለሽ?»

«ነገም እመጣለሁ።»

አላመነችኝም። ያን ማታ ቀሚሴን ይዛ ነው የተኛችው። ረቡዕ ስገባ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሐሙስም እንደዚያው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ግን በሩን ከፍቼ ስገባ ቀና ብላም አላየችኝም። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

«መጣሽ?» አለችኝ። «ውኃ አምጪልኝ።»

ቦርሳዬን እንኳን ሳላስቀምጥ ሄድኩላት።