በሁለት እኅትማማቾች መሀል የተኛው ማዕረግ

ጄቤዝ ሆልሮይድ ሰባ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከመንደራችን ከካርስዴል ውጭ ያደረባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሥራው ሁለት ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል ይደውላል፣ መቃብር ይቆፍራል። የአባቱም የአያቱም ሥራ ይኸው ነበር። ገመዱ ስልሳ ዓመት ሙሉ የተመላለሰበት መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። የካርስዴል ሎርዶች ነገር ከተነሣ ግን እራቱ ቢቀዘቅዝም አይሰማውም።

የመጀመሪያውን ሎርድ ንጉሡ በደብዳቤ የጠሩት ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ነው። ደብዳቤው ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ ለምክር ና የሚል ብቻ ነው። በዚያች ሦስት መስመር አሥራ አራት ሰዎች ተራ በተራ ሎርድ ካርስዴል ተብለው ኖረው ሞቱ። ጄቤዝ ሁሉንም በቅደም ተከተል ያውቃቸዋል፤ አንገቱ የተቀላውን፣ ባሕር የበላውን፣ ግማሹን ጫካ በአንድ ሌሊት ቁማር ያጣውን። አብዛኞቹ ከድንጋይ ተጠርበው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጋድመዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላቸዋል። የአራተኛውን አፍንጫ በጥንት ጊዜ ወታደሮች ሰብረውታል፤ ጄቤዝ እዚያ ላይ ሲደርስ ሕመሙ ያልበረደ ይመስል እጁን ያለሰልሳል።

አሥራ አራተኛው ሎርድ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ወንዱ ልጅ በመጀመሪያው ጦርነት ፈረንሳይ አገር ወደቀ። አባትየው ከስድስት ወር በላይ አልቆዩም። ያኔ ነው ማዕረጉ የተኛው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን የመሰለ ጥንታዊ ማዕረግ ወንድ ከጠፋ ለሴት ይሄዳል። ወንዶች ሲሆኑ ታላቁ ይወስዳል፤ ሴቶች ሲሆኑ ግን ታላቅና ታናሽ የለም፣ ሁሉም እኩል ናቸው። ማዕረግ ደግሞ እንደ እርሻ ለሁለት አይቆረስም። ስለዚህ በመሀላቸው ይተኛል። አንዷ ያለ ልጅ ስትሞት፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ያለ ደብዳቤና ያለ ፊርማ፣ በሌላዋ ላይ ይነቃል። ሌላ መንገድ አንድ ብቻ አለ፤ አንዷ ለሌላዋ ከለቀቀች ንጉሡ ሊሰጡ ይችላሉ። ጠበቃው ከለንደን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሚስ ኦገስታንና ሚስ ሄስተርን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይህንኑ አስረዳ። ሚስ ሄስተር “አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ውሰጂው” አሉ። ሚስ ኦገስታም “ታላቅ የለም ሲል አልሰማሽም?” አሉ። ጠበቃው ሻዩን ጠጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም አልመጣ።

ሁለቱም አላገቡም። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ክፍሎቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ፣ በመጨረሻ በሦስት ክፍል ተወስነው ዶርካስ ከምትባል አሮጊት ሠራተኛቸው ጋር ኖሩ። እሑድ እሑድ በፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ፣ የአባታቸው ቦታ መሀል ላይ ባዶውን። እኛ ልጆች ሳለን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንድ የማይታይ ሰው እንደ ተቀመጠ እናምን ነበር። አሁንም ተሳስተን ነበር ለማለት አልደፍርም።

ጄቤዝን የሚያብከነክነው ይህ ነው። በካርስዴል አዲስ ሎርድ ሲነሣ ስድስቱም ደወሎች በአንድነት ይደወላሉ፤ ለዚህ ብቻ የሚደወል፣ ለሠርግም ለፋሲካም የማይደወል ቅደም ተከተል አለ። ጄቤዝ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ አሥራ አራተኛው ሎርድ ሲነሡ፣ የትንሿን ደወል ገመድ ስቧል። አባቱ ቅደም ተከተሉን ከማስተማራቸው በፊት መጽሐፍ አስይዘው አስምለውታል፤ በዘመኑ ለሚነሣው ሎርድ ሳይደውል እንዳይሞት። ይህ ከሆነ ስልሳ አንድ ዓመት አለፈው፤ ማዕረጉ ከተኛ ደግሞ ሠላሳ አራት። ያን ደወል ለመደወል ግን ከሁለቱ አንዳቸው መሞት አለባቸው። ሁለቱንም ደግሞ ይወዳቸዋል።

ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን መጠጥ ቤት ውስጥ ሥጋ ሻጩ ሲሪል አክሮይድ ብርጭቆውን አነሣና፣

“ጄቤዝ፣ ሚስ ኦገስታ ዛሬ ጠዋት ክፉኛ ሲያስሉ ነበር። ገመዱን አላየህም እንዴ?” አለው።

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ሌላው ደግሞ ተዉት፣ እሱ ራሱ ቀድሟቸው ይሄድና ማን እንደሚቆፍርለት እናያለን አለ። ጄቤዝ ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ፤ ከዚያም ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር አልገባም። የተናደደው ስለ ዋሹበት አልነበረም። የዚያን ለት ጠዋት፣ ያንኑ ሳል ሰምቶ፣ ሳያስበው ገመዶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሲፈትሽ ነበር።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በስድስተኛው የብርድ ወራት ኃይለኛ ጉንፋን አገሩን መታው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መሬቱ በብርድ ጠጥሮ ዶማ አልገባው ስላለ ጄቤዝ መቃብር የሚቆፍርበት ቦታ ላይ እሳት እያነደደ ያቀልጠው ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ሰው ቀበረ። ከዚያ ሁለቱም እኅትማማቾች በአንድ ቀን ታመው ተኙ፤ ሚስ ኦገስታ በወጥ ቤቱ ጎን ባለው ክፍል፣ ሚስ ሄስተር ፎቅ ላይ።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጄቤዝ እንደ ልማዱ ሊጠይቅ ሄዶ ወጥ ቤት ቆሞ ሳለ ዶክተር ፌንዊክ እጅጌውን እየመለሰ ወጣ። ወጣት ሐኪም ነው፤ ወደ እኛ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሚስ ኦገስታ አሁን ዐረፉ አለ። ጄቤዝ ኮፍያውን አወለቀ፤ ወዲያውም ወደ በሩ ዞረ።

“ወዴት ነው?”

“ልደውል ነዋ።”

ዶክተሩ ክንዱን ያዘው። የሚስ ሄስተር መስኮት ወደ ደወሉ ማማ ነው፤ ይሰማሉ፣ ምቱን ይቆጥራሉ፣ ማን እንደ ሞቱ ያውቃሉ። ልባቸው በክር ተንጠልጥሏል። ዛሬን ካለፉ ሊተርፉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ደወል የለም፣ የእኅታቸውም ነገር አይነሣም አለ። ጄቤዝ በዚህ መንደር ሞቶ ሳይደወልለት ሬሳው የቀዘቀዘ ሰው እንደሌለ ነገረው። ዶክተሩም ዛሬ ይኖራል ሲል መለሰለት።

ጄቤዝ የሆነው ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው። ያ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በሦስት መስመር የተጀመረ ነገር፣ ሠላሳ አራት ዓመት ተኝቶ፣ ከአፍታ በፊት ነቅቶ ነበር። ምንም አልተሰማም። ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ እንደ ተጣደ ነው፣ ድመቷ ከወንበሩ ሥር እንደ ተኛች ናት። ማዕረጉ ከታችኛው ክፍል ወጥቶ፣ በደረጃው ወጥቶ፣ ፎቅ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በተኙ አንዲት አሮጊት ላይ ዐርፏል። አሥራ አምስተኛዋ። እሳቸው ግን አያውቁም። ለጄቤዝ የቤቱ ግድግዳ እንኳ በአክብሮት ቀጥ ብሎ የቆመ መሰለው።

ወዲያው ዶርካስ ከፎቅ ወረደች። ሚስ ሄስተር የጄቤዝን ድምፅ ሰምተዋል፤ ይምጣ ብለዋል። ዶክተሩ አሰበና ባይሄድ ይጠረጥራሉ አለ። ስለ በረዶው አውራ፣ እንደ ወትሮው ጥራቸው፣ ውጣ አለው። ደረጃው ሃያ ሁለት ነው። ጄቤዝ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ “ሚስ ሄስተር፣ ሚስ ሄስተር” እያለ ወጣ።

ሚስ ሄስተር በትራስ ተደግፈዋል፤ ፊታቸው እንደ ሰም ገርጥቷል። ዶርካስ ተከትላው ገብታ በመቆንጠጫ ፍም ማስተካከል ጀመረች። ሚስ ሄስተር ቀስ ብለው፣

“ሆልሮይድ፣ በረዶው የማማውን ጣሪያ ጎዳው ወይ?” አሉት።

“የለም፣ እመቤቴ” አለ ጄቤዝ።

ዶርካስ መቆንጠጫውን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች። በካርስዴል የሎርድ ልጅ “ሚስ” ናት፤ “እመቤቴ” የሚባሉት ማዕረጉ ያላቸው ብቻ ናቸው። ጄቤዝ በሕይወቱ ለሁለቱም አንድ ቀን እንኳ ብሎት አያውቅም፤ ገና በልጅነቱ አባቱ በጥፊ ያስተማሩት ነገር ነው። ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢሆን እንደ ታዘዘው ይዋሽ ነበር። የጄቤዝ አንደበት ግን ለባለ ማዕረግ የማይገባውን መጥሪያ አላወጣ አለው።

እሳቸው ከትራሱ ቀና አሉ።

“መቼ?”

“ሩብ ሰዓት ይሆናል፣ እመቤቴ። ተኝተው ነው አሉ።”

“ታዲያ ደወሉ የት አለ?”

ዶክተሩ እንደ ከለከለ ተናገረ። እሳቸውም፣ “ዶክተሩ የካርስዴል ሰው አይደለም” አሉ። “ሂድና ለእኅቴ ደውል። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሰማንያ አንድ። እንዳትቸኩልባት።”

ጄቤዝ እጅ ነሥቶ ሊወጣ ሲል አፉ ለሁለተኛ ጊዜ ከዳው። “ሌላውስ፣ እመቤቴ?” አለ፤ ቃሉ ገና ሳያልቅ በሐፍረት ላብ አጠመቀው። ሚስ ሄስተር፣ አሁን ሌዲ ካርስዴል፣ ሣቁ፤ ሣቁ ሳል ሆነባቸው፤ ዶርካስ ውኃ አቀረበች።

“እናውቅ ነበር እኮ። ኦገስታ ‘ከሁለታችን አንዳችን ሆልሮይድን ደስ እናሰኘው እንጂ’ ትለኝ ነበር። ሰዎች አሉህ?”

ከደዋዮቹ አራት ብቻ እንደ ቀሩ፣ ከእነሱም ሁለቱ እንደ ታመሙ ነገራቸው። “እንግዲያው የእሷን ደውል። የእኔ ባይሆንም አትዘን” አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

ዶክተሩ ደረጃው ሥር ምን አልካቸው ብሎ ሲጮኽ ጄቤዝ አልፎት ወጣ። እስከ ጉልበቱ የደረሰውን በረዶ እየጣሰ ማማው ደረሰና ትልቁን ገመድ ያዘ።

በመንደሩ ሰው ሁሉ ሥራውን አቆመ። ለወንድ ዘጠኝ ነው፣ ለሴት ስድስት፤ ስድስት ሲሆን ሴት መሆኗ ታወቀ። ከዚያ ዕድሜዋ። ሲሪል አክሮይድ ቢላዋውን ሥጋው ላይ እንደ ሰካው ቆጠረ። ፖስታ አመላላሹ ብስክሌቱን አጥር ላይ አስደግፎ ቆጠረ። ስልሳ አለፈ፤ ሰባ አለፈ። ሚስ ሄስተር ሰባ ስምንት እንደ ሆኑ የማያውቅ የለም። ሰባ ስምንተኛው ተመታና ድምፁ በሜዳው ላይ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ። ሰማንያ አንድ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ መንደሩም ማን እንደ ሞቱና ምን እንደ ነቃ ማንም ሳይነግረው ዐወቀ።

ጄቤዝ ገመዱን ሲለቅ ክንዶቹ የእሱ አልመስል አሉት። ትንሿን ደወል ብቻውን ይምታ ወይስ ይተወው ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያስብ በሩ ተከፈተ። ሲሪል ነበር፤ ደም የነካውን ሽርጡን አልፈታም። ከኋላው ፖስታ አመላላሹ ገባ። ቀጥሎ በጦርነቱ ጊዜ፣ ወንዶቹ ሲዘምቱ፣ ደወል የተማረችው አስተማሪ። ቀጥሎ ሁለት ገበሬ ወንድማማቾች፤ ታናሽዬው ከአልጋ ተነሥቶ ስለ መጣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። መጨረሻ ላይ ባለ መጠጥ ቤቱ መጣ። ማንም አልጠራቸውም። ስድስት ሆኑ፤ ገመዶቹም ስድስት ናቸው።

“ዞር በል፣ አያ ጄቤዝ። ክንድህ አልቋል” አለ ሲሪል፤ ዓይኑን ግን አያየውም።

“ቅደም ተከተሉን ታውቁታላችሁ?”

“ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስታደነቁረን ኖረህ?”

ጄቤዝ ወጣ። የመጀመሪያው ደወል ከራሱ በላይ ሲመታ በመቃብሮቹ መሀል ደርሶ ነበር። ያን ደወል ከውጭ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። ከገመዱ ሥር ሲሆኑ ሥራ ነው፣ መቁጠር ነው። ከውጭ ግን ስድስቱ ድምፆች እርስ በርስ እየተያያዙ፣ እየተላለፉ፣ ሰማዩ ራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። ይህንኑ ድምፅ አያቱ ለእመቤቲቱ አያት፣ የአያቱ አያት ለአያታቸው አያት እንደ ደወሉ አሰበ።

ሌዲ ካርስዴል በዚያው ቀን ሳይመሽ ዐረፉ። ማዕረጉ ነቅቶ የቆየው ከቀን እኩሌታ ያነሰ ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የሚወርሰውም የለም። ያን ሰዓት ግን ቀኑን እንደማይጨርሱ ማንም አያውቅም ነበር። ጄቤዝ ያየው በዚያ ብርድ የፎቁ መስኮት ወለል ብሎ ሲከፈት፣ ዶርካስም መጋረጃውን በሁለት እጇ ወደ ጎን ሰብስባ ስትይዝ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። በረዶው ፀጉሩ ላይ እየተከመረ፣ ደወሉ ካበቃ በኋላም፣ መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።